የቋሚው እግርና የጭቃው ትንፋሽ፦ የጅማን አሮጌ ባለ በረንዳ ቤቶች ስለ መጠገን

አሮጌ ባለ በረንዳ ቤት ፊት የቆመ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ላይ ነው፤ ወደ ተቀረጸው ክፈፍ፣ ወደ በረንዳው መደገፊያ፣ ወደ ዋንዛው መስኮት። የቤቱ ዕድሜ የሚታወቀው ግን ታች ነው፤ ቋሚው መሬት በሚነካባት አንድ ስንዝር ቦታ። ካቻቢቴ ይዛችሁ ያችን ቦታ ጫን በሏት። ጫፉ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ገብቶ ከቆመ እንጨቱ ደኅና ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ሰምጦ፣ ሲወጣ ቡናማ ዱቄት ይዞ ከመጣ ግን ያ ቋሚ ጣሪያውን መሸከም ትቷል፤ ቤቱን ያቆሙት ጎረቤት ቋሚዎችና የግድግዳው ጭቃ ናቸው። ከዚያ አንድ ሜትር ከፍ ብላችሁ በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አድርጉት። ጥብቅ ድምፅ ከሰጠ ጉዳቱ እግሩ ላይ ብቻ ነው፣ ይጠገናል። እንደ ከበሮ ከጮኸ ምስጡ ውስጥ ለውስጥ ወደ ላይ ወጥቷል።

የጭቃ ቤት ሲባል የድሃ ቤት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጅሬን ኮረብታ ላይ ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየ ግን እንደዚያ አይልም። ከከተማው መሀል ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ይህ መሰራ (ቤተ መንግሥት)፣ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር መኖሪያና የአስተዳደር ቦታ ነበር። ዋናው ቤት ባለ ፎቅ ነው፤ በእንጨት ጥበብ የቆመ፣ በበረንዳ የተከበበ፣ ክፈፉ ወደ ውጭ ረዘም ያለ። አባ ጅፋር ለምኒልክ በሰላም ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ስላቆዩ ጅማ በጦርነት አልፈረሰችም፤ ገበያዋም የእጅ ጥበቧም አልተቋረጠም። የጅማው የሂርማታ ገበያ ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር ሰውም የሚሸጥበት ገበያ እንደነበረ መርሳት አይገባም። ቤቶቹን ስንጠብቅ ይህንንም ታሪክ አብረን ነው የምንጠብቀው፤ የሚያምረውን ብቻ መርጦ ማቆየት ታሪክ መጠበቅ አይባልም።

ቀጥሎ ጣሊያን መጣ። ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ ሲያደርጋት ድንጋይ፣ ጡብና ሲሚንቶ በብዛት ገባ። አናጺዎቻችን የሚናገሩት ቋንቋ ራሱ ይህን ታሪክ ይዟል። ምሰሶ፣ ማገር፣ ወራጅ፣ መቃን፣ ጉበን የአገር ቃላት ናቸው፤ ሞራሌ፣ ኮርኒስ፣ ፑንቴሎ፣ ካቻቢቴ ከጣሊያን የተወረሱ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ ግድግዳው በማገር፣ ኮርኒሱ በሞራሌ። ስለዚህ ኋላ የተጨመረውን ሁሉ «ኦሪጅናል አይደለም» ብሎ ነቅሎ መጣል ስህተት ነው። በጥሩ እጅ ተሠርቶ ቤቱን ካልጎዳ፣ የ80 ዓመት ኮርኒስም ቅርስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እነዚህን ቤቶች እርጅና አልገደላቸውም፤ የገደላቸው እድሳት ነው። በተለይ የሲሚንቶ ልስን።

ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ግድግዳ መራሱ አይቀርም፤ በነፋስ የተገፋ ዝናብ፣ ከመሬት የሚፈናጠቅ ውሃ፣ ከማድጋና ከእንፋሎት የሚወጣ እርጥበት አለ። የጭቃ ግድግዳ ይህን ሁሉ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ይተፋዋል። በሲሚንቶ ሲለሰን መጠጣቱን አይተውም፤ ሲሚንቶ ሁልጊዜ ይሰነጠቃል፣ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ውሃ ይገባል። መውጫ ግን የለውም። ጭቃውና እንጨቱ በእርጥበት ሲያብጡና ሲጠብቡ ሲሚንቶው አብሯቸው ስለማይንቀሳቀስ ይለያያሉ፤ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፣ ክፍተቱ የምስጥ መንገድ ይሆናል። የእንጨት እርጥበት ከመቶ 20 በላይ ሆኖ ሲቆይ ብስባሽ ይጀምራል፤ ከሲሚንቶ ጀርባ ያለ ማገር ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ከዚያ በላይ ነው። ከፊት ለፊት የሚታየው ያው ለስላሳ፣ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሲሚንቶው ቀድሞ የተለሰነ ከሆነ በአንድ ቀን ሁሉንም ለመንቀል አትቸኩሉ። በጣት አንጓ ግድግዳውን እያንኳኳችሁ ባዶ የሚጮኸውን በጠመኔ ክበቡ። ሥራው በኅዳር ይጀመር፤ መጀመሪያ ከታች 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ቀበቶ ብቻ በመሮና በቀላል መዶሻ ይነሣ። ሲሚንቶው በሽቦ መረብ የተያዘ ከሆነ መረቡ በፒንሳ ይቆረጥ እንጂ አይጎተት፤ ከተጎተተ ማገሩን ይዞ ይመጣል። የተከፈተው ግድግዳ ቢያንስ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ነፋስ ይምታው። በእነዚህ ሳምንታት ነው የማገሩና የቋሚው እውነተኛ ሁኔታ የሚታየው። ከዚያ በፊት የሥራ ዋጋ የሚነግራችሁ ባለሙያ እየገመተ ነው።

ወደ ቋሚው እግር እንመለስ። ብዙ ጊዜ የሚደረገው የበሰበሰውን ቆርጦ ዙሪያውን አርማታ መሙላት ነው። ጠንካራ ይመስላል፤ ግን እንጨት ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ከአርማታው ጋር ክፍተት ይፈጥራል፣ በቋሚው ላይ የሚወርደው የዝናብ ውሃ እዚያ ኩባያ ውስጥ ይጠራቀማል። አዲሱ እግር ከአሮጌው ቀድሞ ይበሰብሳል።

ትክክለኛው መንገድ ጊዜ ይወስዳል። በቋሚው ግራና ቀኝ ፑንቴሎ (ጊዜያዊ ድጋፍ) ይቆማል፤ ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ይነጠፋል፣ አለዚያ ለስላሳው መሬት ውስጥ ይሰምጣል። ሸክሙ በክሪክ ቀስ እየተባለ ይነሣል፤ በቀን ከ3 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ። ከዚያ ካለፈ የላዩ ጭቃ ይሰነጠቃል፣ የመስኮቱ መቃን ይጣመማል። ዓላማው ቤቱን በውሃ ልክ ማስተካከል አይደለም፤ ቋሚውን ከሸክም ነፃ ማድረግ ብቻ ነው። ለመቶ ዓመት ዘንበል ብሎ የኖረ ክፈፍ ዘንበል ብሎ ይቀጥል። ቀጥሎ ብስባሹ ካለቀበት በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ደኅና እንጨት ድረስ ይቆረጣል። ቆረጣው አግድም አይሁን፤ ሰያፍ ሆኖ፣ ርዝመቱ ቢያንስ የቋሚውን ውፍረት ሦስት እጥፍ ይሁን። ለ15 ሴንቲ ሜትር ቋሚ 45 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። አዲሱ እግር በዚያው ልክ ተቆርጦ ይገጠምና በሁለት ወይም በሦስት የወይራ ችካል፣ ውፍረታቸው 2 ሴንቲ ሜትር፣ ይያያዛል። ችካሉ ከቋሚው ይበልጥ የደረቀ መሆን አለበት፤ ከገባ በኋላ ከቋሚው እርጥበት ወስዶ ያብጣል፣ ራሱን ያጠብቃል። እርጥብ ችካል ተቃራኒውን ያደርጋል፤ በሁለተኛው በጋ ይወልቃል።

ከእግሩ ሥር የተጠረበ ድንጋይ ይግባ፤ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ አናቱ መሀሉ ላይ በጥቂቱ ጎበጥ ያለ፣ ውሃ እንዳይቆምበት። በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል ዙሪያውን 5 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ ወደ ታች የታጠፈ ላሜራ ይገባል። ላሜራው ሁለት ሥራ አለው፤ የድንጋዩን እርጥበት ያግዳል፣ ምስጥ ደግሞ የጭቃ ቱቦውን ወደ ላይ ለመሥራት በዚያ ጠርዝ ዞሮ መውጣት ስላለበት መንገዱ ለዓይን ይጋለጣል። ምስጥን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። እንድናየው ያደርገናል፤ በወር አንድ ጊዜ በመጥረጊያ ቱቦውን የሚሰብር ሰው ላለበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም አይመከርም። ከላይ ብቻ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ ቀለምም የተልባ ዘይትም አይዝለትም፣ ዝናብ ሲያጥበው ወደ ጓሮው ጎመን ይወርዳል።

እንጨቱ ምን ይሁን? ውጭ ለሚቆም ቋሚ ጥድ ወይም ወይራ። ዝግባ ቀጥ ያለና ለመላጊያ የሚመች ስለሆነ ለወለል ጣውላና ለኮርኒስ ግሩም ነው፤ መሬት አጠገብ ግን ምስጥ ቶሎ ይበላዋል። ለበርና ለመስኮት ዋንዛን የሚያህል የለም፤ የጅማ በርጩማ የሚፈለፈለውም ብዙ ጊዜ ከእሱ ነው። ለሁሉም የሚሠራው ደንብ አንድ ነው፤ የእንጨቱ ልብ ይወሰድ፣ ከቅርፊቱ ቀጥሎ ያለው ነጭ ክፍል ይወገድ። በቅርቡ የተቆረጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ ለአሮጌ ቤት ጠላት ነው፤ ሲደርቅ ይጠመዘዝና የተገጠመበትን ሁሉ ይዞ ይዞራል። በነፋስ ለማድረቅ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይታሰብ። የአገር በቀል ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ስለማይቻል የተሻለው ምንጭ ሌላ የፈረሰ አሮጌ ቤት ነው። ከፍርስራሽ የሚወጣ የጥድ ወራጅ ደርቆ ያለቀ፣ መጠማዘዙን የጨረሰ እንጨት ነው። ለማገዶ ሲሸጥ ማየት ያሳዝናል።

ውሃውን ከመሬት ሳያርቁ ይህን ሁሉ መሥራት ግን ድካም ነው። መንገድ ሲሠራ፣ ጎርፍ ደለል ሲያመጣ፣ ግቢ በገረጋንቲ ሲሞላ መሬቱ ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል፤ ድሮ ሁለት ደረጃ ወጥተው የሚገቡበት በረንዳ ዛሬ ከመንገዱ እኩል ሆኗል። ዙሪያውን ቆፍሮ መሬቱን ከታችኛው እንጨት ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያም ከግድግዳው ወደ ውጭ በየሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር እንዲዘቀዝቅ መደልደል ያስፈልጋል። ወለሉ የጣውላ ከሆነ ከሥሩ የአየር ቀዳዳዎች አሉ፤ አይጥ እንዳይገባ ተብሎ በጭቃ የተደፈኑትን ክፈቱና በሽቦ መረብ ሸፍኗቸው። እነሱ ሲደፈኑ ወለሉ ከታች ይሻግታል።

ጣሪያ ላይ የማየው ትልቁ ጥፋት ክፈፉን ማሳጠር ነው። ቆርቆሮ ሲቀየር፣ አንድ ረድፍ ለመቆጠብ ተብሎ፣ 80 ወይም 100 ሴንቲ ሜትር የነበረው ክፈፍ ወደ 30 ይወርዳል። ያ ክፈፍ የግድግዳው ጥላ ነው፤ ባጠረ ቁጥር ጭቃው በሁለት ክረምት ይታጠባል። ቆርቆሮው 28 ጌጅ ይሁን (የጌጁ ቁጥር ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል)፤ 35 ጌጅ ርካሽ ነው፣ ግን ሰው ሲረግጠው ይታጠፋል፣ ነፋስ ሲያነሣው በሚስማሩ ዙሪያ ይቀደዳል። ሚስማሩ ከነጎማው በሞገዱ አናት ላይ ይመታ፤ ሸለቆው ላይ የተመታ ሚስማር በቀዳዳው ውሃ ያስገባል። ጫፍ ለጫፍ ሲደራረብ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ጎን ለጎን አንድ ሞገድ ተኩል። አሸንዳ ካለ በየሜትሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ፤ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ቅጠሉ ይጠረግ። ያልተጠረገ አሸንዳ ጭራሽ አሸንዳ ካለመኖሩ ይብሳል፤ ውሃውን ሰብስቦ በወራጁ ጫፍ ላይ ይደፋዋል።

አሁን ጭቃው። መረሬ (ጥቁር) አፈር አይሆንም፤ ሲደርቅ ይፈነካከታል። ቀይ አፈር ይመረጣል፤ ለማወቅ በጠርሙስ ግማሽ አፈር፣ ግማሽ ውሃና አንድ ቁንጥር ጨው ጨምሮ በደንብ መናጥና አንድ ቀን ማሳደር ነው። ከታች አሸዋ፣ ከመሀል ደቃቅ፣ ከላይ ሸክላ ሆኖ ይረጋል። ሸክላው ከጠቅላላው ከመቶ 20 እስከ 30 ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከበዛ አሸዋ ይጨመራል። ከግድግዳው የወደቀውን አሮጌ ምርግ አትጣሉት! ሲሚንቶ ካልገባበት ነክራችሁ አዲስ ጭድ ጨምሩበት፤ ከዚያው ቤት ጋር የሚስማማ ሌላ ጭቃ ማግኘት ከባድ ነው።

ለአንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ30 ኪሎ የማያንስ የጤፍ ጭድ ይግባ። ጭቃው በእግር ይረገጣል፣ ይሸፈናል፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይብላላል፤ በየአራት አምስት ቀኑ እንደገና ይረገጣል፣ ሲደርቅ ውሃ ይጨመራል። መብላላቱ በጠረኑ ይታወቃል፤ ጭድ ሲሟሟ የሚያጣብቅ ነገር ይለቃል፣ ጭቃው ከእጅ ጋር መያያዝ ይጀምራል። በሦስት ቀን የተለጠፈ ጥሬ ጭቃ በመጀመሪያው በጋ ይረግፋል። ግድግዳው በውሃ ይርጠብ፣ የመጀመሪያው ምርግ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በእጅ ወደ ማገሩ መካከል እየተገፋ ይለጠፍ። ይሰነጠቃል፤ መሰንጠቅም አለበት፣ ስንጥቁ ለሁለተኛው ምርግ መያዣ ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ደርቆ፣ ሁለተኛው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ጭዱ በደቃቁ ተከትክቶ። የመጨረሻው በእበት፣ በወንፊት በተነፋ አፈርና በአሸዋ፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ በእጅ መዳፍ ይለሰናል። ከሥራው በፊት በጓሮ ግድግዳ ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ሙከራ ይለጠፍ፤ አሥር ቀን ቆይቶ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካወጣ አሸዋ ወይም ጭድ ጎድሎታል።

ቀለሙ ኖራ ይሁን። ፕላስቲክ ቀለም ሲሚንቶው የሚሠራውን ጥፋት በስሱ ይደግመዋል። ኖራው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ተነክሮ፣ እንደ ወተት ቀጥኖ፣ በረጠበ ግድግዳ ላይ አራት አምስት ጊዜ ይቀባል፤ በጠራራ ፀሐይ ከተቀባ ዱቄት ሆኖ ይራገፋል። ዓይን ያቃጥላል፣ መነጽር ያስፈልጋል። ለበርና ለመስኮት ደግሞ የተልባ ዘይት፦ የመጀመሪያው ዙር በአኳራጅ ግማሽ በግማሽ ቀጥኖ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ዙሮች ዘይቱ ብቻ፣ በመካከላቸው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ እየተጠበቀ። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ ይነከር። በእንጨት ቤት ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለመጠገን የሚያዳግተው ሁልጊዜ ሙያ ማጣት አይደለም። ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 በኋላ ብዙ የሚከራዩ ቤቶች የመንግሥትና የቀበሌ ሆኑ። የቤቱ ነዋሪ ባለቤት አይደለም፣ ኪራዩ ደግሞ ቆርቆሮ እንኳ አይገዛም። ቤተሰብ ሲሰፋ በረንዳው በቺፑድ ይዘጋና ክፍል ይሆናል። ነዋሪውን መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው፤ ሰው መኖር አለበት። መዘጋቱ ካልቀረ ግን ቺፑዱ በሚስማር ሳይሆን በብሎን ከራሱ ሞራሌ ጋር ይታሰር፣ የተቀረጸው ቋሚ አይበሳ፣ ከሥር 5 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይተው፣ የቋሚው እግር እንዲታይና እንዲተነፍስ። ነገ የሚነሣበት ቀን ሲመጣ ከኋላው ያው በረንዳ ይገኛል።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ጥገናው የቅርስ ባለሥልጣኑን ቅድመ ፈቃድ ይፈልጋል። ያልተመዘገበም ቢሆን አንድ ቋሚ ከመነካቱ በፊት እያንዳንዱ ግድግዳ ፊት ለፊት ፎቶ ይነሣ፣ የወለሉ ፕላን በ1 ለ 50 ይሣል፣ የሚፈታው እንጨት ሁሉ በማይታየው ጎኑ ቁጥር ይሰጠው። «ሰ 3» ከሰሜን በኩል ሦስተኛው ቋሚ ይሁን፤ ያው ቁጥር ሥዕሉ ላይም ይጻፍ። በወረቀት የተለጠፈ ቁጥር በመጀመሪያው ዝናብ ይጠፋል፣ ላሜራ ላይ በሚስማር ጫፍ የተጫረው ግን ይቆያል። የተፈቱት ጣውላዎች ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው፣ በየመካከላቸው ቀጭን እንጨት ገብቶ፣ ጣሪያ ያለበት ነፋሻ ቦታ ይደርደሩ። በላስቲክ አይሸፈኑ፤ ከሥሩ ያልባቸዋል።

አዲስ የገባው እንጨት አሮጌ እንዲመስል ቀለም አይቀባ። አጠገቡ ካለው ጋር በቅርጽና በውፍረት ይመሳሰል፣ ከማይታየው ጎኑ ግን በመሮ «2018፣ ጥድ፣ እግር 45» ተብሎ ይቀረጽበት፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያንን ቋሚ የሚፈታው አናጺ ካቻቢቴውን የት መጫን እንዳለበት ያውቃል።